ልጆቻችሁን ቤት የምታስተምሩ ወላጆች፣ የሃይስኩል ማህደራቸውን እንዲህ ያዙ

ልጃቸውን ቤት ለማስተማር የወሰኑ ወላጆች ሊያማክሩኝ ሲመጡ መጀመሪያ የሚያነሱት የመጽሐፍና የአስጠኚ ነገር ነው። እኔ ግን አስቀድሜ ስለ ፋይል እጠይቃለሁ። "ልጅቷ 9ኛ ገብታለች አይደል? ማህደሯን ማን ነው የሚይዘው?" እላቸዋለሁ። አብዛኞቹ አላሰቡበትም።

እዚሁ ደሴ በአንድ ትምህርት ቤት ሪከርድ ክፍል ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ካርድ ጽፌያለሁ፣ ሮስተር ሞልቻለሁ፣ ትራንስክሪፕት አዘጋጅቻለሁ። አሁን ሁለቱን ልጆቼን ሆጤ ባለው ቤታችን ነው የማስተምረው። ትልቋ 11ኛ ክፍል ናት፣ ወንዱ 9ኛ። የሪከርድ ሥራዬን ትቼ ብወጣም ሥራው አልተወኝም፤ ቤቴ አንድ መደርደሪያ ሙሉ ፋይል አለ።

ማህደር የሚጻፈው ልጃችንን ለማያውቅ ሰው ነው። እኛ ልጃችን አልጀብራ እንደምትችል እናውቃለን፤ ፊት ለፊታችን ስትሠራ አይተናታል። የዩኒቨርሲቲ መዝጋቢ ግን አላያትም። እኛንም አያውቀንም። እሱ የሚያምነው ቀን ያለው፣ ፊርማ ያለው፣ እርስ በርሱ የማይጣረስ ወረቀት ነው። ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሁሉ ይህን ሰው እያሰብኩ ነው።

የወሎ ሰው የወረቀትን ዋጋ በክፉ ቀን ነው የተማረው። በ2014 በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ትምህርት ቤቶችና ቢሮዎች ተዘረፉ፣ ስንት ሰነድ ተበተነ። ነገሩ ከበረደ በኋላ ካርዳቸውን ፍለጋ የሚንከራተቱ ልጆችን በዓይኔ አይቻለሁ። ቤታቸው ኮፒ ያስቀመጡት በቶሎ ተስተናገዱ። ሌሎቹ ምስክር ፍለጋ ከመምህር መምህር ዞሩ። ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ እንኳ እንዲህ ከሆነ፣ ቤት የሚማር ልጅ ከወላጁ በቀር ሪከርድ የሚይዝለት ማንም የለም።

ከሁሉ በፊት ትምህርት መምሪያ ሂዱ

ይህን መዝለል አይቻልም። ቤት ያዘጋጃችሁት ትራንስክሪፕት ምንም ያህል ቢያምር የአገራችንን ዩኒቨርሲቲ በር አይከፍትም። በሩን የሚከፍተው የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። ስለዚህ ልጁን ከትምህርት ቤት ከማስወጣታችሁ በፊት የከተማችሁ ትምህርት መምሪያ ሄዳችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፤ "ይህ ልጅ የ12ኛ ክፍልን ፈተና የሚፈተነው በምን መንገድ ነው? በግል ተፈታኝነት ወይስ የሆነ ቦታ ተመዝግቦ? ምን ምን ማስረጃ ይፈለግበታል?" መመሪያ ይቀያየራል። የዛሬ ሦስት ዓመት የጎረቤት ልጅ ያለፈበት መንገድ ዛሬ ላይኖር ይችላል። በየዓመቱ መስከረም ላይ ደግማችሁ ጠይቁ።

መልሱን በደብዳቤ ብታገኙ ደስ ይላል። ካልተገኘ፣ የሄዳችሁበትን ቀን፣ የቢሮውን ቁጥር፣ ያነጋገራችሁትን ሰው የሥራ ድርሻና የተባላችሁትን እዚያው በር ላይ ቆማችሁ ጻፉ። ይህ ወረቀት የማህደሩ የመጀመሪያ ገጽ ይሁን።

ብዙ ወላጅ ልጁን በማታ ወይም በርቀት ትምህርት አስመዝግቦ ዋናውን ትምህርት እቤቱ ያስተምራል። እኔም የምመክረው ይህንን ነው። ልጁ ሁለት ማህደር ይኖረዋል፤ አንዱ የትምህርት ቤቱ፣ ሌላው የእናንተ። ሁለቱ እንዳይጋጩ ብቻ ተጠንቀቁ።

ስምና ቀን

ፋይሉ ውስጥ መጀመሪያ የሚገቡት የቆዩት ሰነዶች ናቸው። የልደት ሰርተፍኬት፣ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ካርዶች፣ የሚኒስትሪ ውጤት፣ ከመጨረሻው ትምህርት ቤት የተሰጠ መሸኛ። ኦርጅናሉን በፕላስቲክ ከታችሁ አስቀምጡት፤ ወደ ቢሮ ይዛችሁ የምትሄዱት ኮፒውን ይሁን።

ከዚያ የልጁን ስም በእንግሊዝኛ ፊደል እንዴት እንደምትጽፉ አንድ ጊዜ ወስኑ። ሪከርድ ክፍል ሳለሁ ከውጤት ስህተት ይልቅ በስም አጻጻፍ የተጉላላ ልጅ ይበዛ ነበር። መሐመድን ሲጽፍ አንዱ ከመጀመሪያዋ ኤም ቀጥሎ "ኦ" ያደርጋል፣ ሌላው "ዩ"። መሃል ያለችውን ኤም አንዱ ነጠላ ያደርጋታል፣ ሌላው ድርብ። ፀሐይም እንዲሁ። ካርዱ ላይ አንድ ዓይነት፣ ፋይዳው ላይ ሌላ ዓይነት፣ ፓስፖርቱ ላይ ሦስተኛ ዓይነት ሲሆን ወረቀቶቹ የሦስት ሰው ይመስላሉ። የልጁ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም በካርቶን ላይ ተጽፎ የፋይሉ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ ይለጠፍ። ማንም ሲጽፍ ከዚያ ይገልብጥ።

ቀንም እንደዚሁ ነው። ሁልጊዜ በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ። የእኛ 2018 የትምህርት ዘመን በፈረንጆቹ 2025/26 ነው። "2018" ብቻ ብላችሁ የላካችሁት ትራንስክሪፕት ውጭ አገር ያለውን አንባቢ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይወስደዋል፤ ልጃችሁ በሕፃንነቷ 9ኛ ክፍልን የጨረሰች ይመስለዋል። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7 ዓመት፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ስለሆነ የልደት ቀኑን በጥንቃቄ አንዴ አስልታችሁ ከስሙ ሥር ጻፉት።

የሳምንት መዝገብ

የማህደሩ እምብርት ይህ ነው። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይወጣል።

ወፍራም ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር ግዙ። ፒያሳ ያሉ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች የሚሸጡት የሂሳብ መዝገብ በጣም ይመቻል፤ መስመርና ዓምድ ስላለው። ዓምዶቹ አምስት ናቸው። ቀን፣ ትምህርት፣ ርዕስ፣ የወሰደው ሰዓት፣ የተሠራው ነገር። የመጨረሻው ዓምድ ላይ "ተማረ" ብላችሁ አትጻፉ። "ከገጽ 41 እስከ 47፣ ጥያቄ 1 እስከ 12 ሠራ፣ 9 አገኘ" በሉ።

ከትልቋ መዝገብ አንድ ልቅዳላችሁ። "ጥቅምት 13፣ ፊዚክስ፣ የሚፈላ ውሃ ሙቀት ልኬት፣ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ። ደሴ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ፈላ። መጽሐፉ 100 ያለው ለምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ተብራርቷል።" ከሁለት ሳምንት በኋላ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት ስንሄድ ቴርሞሜትሩን ይዛ ወረደች። እዚያ 94 አካባቢ ሆነ። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ወደ 1,850 ሜትር ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከፍታው ሲጨምር የአየር ግፊቱ ይቀንሳል፣ ውሃውም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። የሐረጎን ቁልቁለት በሚኒባስ የወረደችበት ቀን የላቦራቶሪ ሪፖርት ሆነ ማለት ነው። ሁለቱን ልኬቶች በሰንጠረዥ አስቀምጣ፣ ግራፍ ስላ፣ ስሟንና ቀኑን ጽፋ ፋይል አደረገችው። አንድ እንግዳ ሰው ይህን ወረቀት ቢያነብ ልጅቷ ፊዚክስ በእጇ እንደሠራች ያምናል። "ፊዚክስ 92" የሚል ካርድ ብቻ ይህን አይነግረውም።

መዝገቡን ልጁ ራሱ ይጻፈው። 9ኛ ክፍል የደረሰ ልጅ ይችላል። እናንተ ቅዳሜ ማታ አይታችሁ ፈርሙ። ሳምንት ካለፈ ሰው ይረሳል፤ ወር ካለፈ ደግሞ መገመት ይጀምራል። የተገመተ መዝገብ ያስታውቃል። ሁሉም ቀን እኩል ሰዓት፣ ሁሉም ሳምንት አንድ ዓይነት ይሆናል። ታማችሁ የዋላችሁበትን፣ ለቅሶ የሄዳችሁበትን፣ መብራት ጠፍቶ ያልተሠራበትን ቀን ባዶ ተዉት። ባዶው ቀን የተሞላው እንዲታመን ያደርጋል።

ሰዓትና ክሬዲት

ለአገር ውስጥ ብቻ ከሆነ ክሬዲት አያስፈልጋችሁም። የትምህርት ዓይነቶቹን ከሥርዓተ ትምህርቱ ጋር አስተካክሉ፤ 9ኛና 10ኛ ላይ ሁሉንም የጋራ ትምህርት፣ 11ኛና 12ኛ ላይ የተፈጥሮ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስክ። ወደ አሜሪካ ለማመልከት የምታስቡ ከሆነ ግን አንድ የዓመት ትምህርት አንድ ክሬዲት ይባላል። የቆየው መለኪያ 120 ሰዓት ነው፤ ግማሽ ክሬዲት 60።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በሳምንት 4 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት፣ ለ36 ሳምንት ብትማር 144 ሰዓት ይሆናል፤ ሙሉ ክሬዲት። በሳምንት 3 ቀን 50 ደቂቃ ብቻ ከሆነ 90 ሰዓት ነው። ከመዝገቡ ደምሩ፣ የወጣውን ጻፉ። 90ን ወደ 120 ከፍ አታድርጉ። ቀሪውን ክረምት ላይ ሠርታ ታሟላዋለች።

ከመጽሐፍ ውጭ ያለውም ይቆጠራል፤ ብዙ ወላጅ ግን ይህን ይተወዋል። ወንዱ ልጄ ከአንድ ጎረቤታችን ክራር ይማራል። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን መቃኘት ይችላል። ይህ በራሱ ትምህርት ነው፤ ባቲና አምባሰል እኮ የእኛው የወሎ ቦታዎች ስም ናቸው። ሰዓቱን ስንደምር ከ60 በላይ ስለሆነ "የኢትዮጵያ ቅኝቶችና የክራር አጨዋወት" ብለን በግማሽ ክሬዲት መዘገብነው። ጎረቤታችን በየሴሚስተሩ መጨረሻ ምን እንዳስተማረውና ልጁ ምን እንደቻለ በአንድ ገጽ ጽፎ ፈርሞልናል። አራቱንም ቅኝቶች ሲጫወት በስልክ ቀድተን አስቀምጠናል። አጎቱ ጋራዥ የሚሠራ ልጅ፣ ግዕዝ ወይም ዐረብኛ የሚቀራ ልጅ፣ እናቷ ሱቅ ሂሳብ የምትይዝ ልጅ ሁሉ በዚሁ መንገድ ማስመዝገብ ይችላሉ። ያስተማረው ሰው ወረቀት ይኑር፣ ሰዓት ይኑር፣ የሚታይ ሥራ ይኑር።

የትምህርት መግለጫ

ለእያንዳንዱ ትምህርት ዓመቱ ሲያልቅ አንድ አንቀጽ ጻፉ። የተጠቀማችሁበትን መጽሐፍ፣ የሸፈናችሁትን ምዕራፍ፣ ልጁ የሠራውን ዋና ሥራ፣ የተመዘነበትን መንገድ። አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ "ኬሚስትሪ፣ 10ኛ ክፍል፣ 1 ክሬዲት። በትምህርት ሚኒስቴር የ10ኛ ክፍል መማሪያ መጽሐፍ መሠረት ተሰጠ። 6 የቤት ውስጥ ሙከራዎች ከሪፖርት ጋር ተሠርተዋል። ምዘና፤ ተከታታይ ምዘና 40፣ ፕሮጀክት 20፣ የማጠቃለያ ፈተና 40።" ይሄው ነው። ማጋነን አያስፈልገውም። ሰኔ ላይ ሁሉንም በአንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ ጨርሱት፤ 12ኛ ክፍል ላይ የአራት ዓመቱን በአንድ ጊዜ መጻፍ በጣም ያደክማል።

ውጤት መስጠት

የገዛ ልጅን ማረም ከባድ ነው። ልብ ወደ ልጁ ያደላል፤ አንዳንዱ ወላጅ ደግሞ በተቃራኒው ልጁን አብዝቶ ይጨክንበታል። ለዚህ ያገኘሁት መፍትሔ ሁለት ነገር ነው። ሚዛኑን ትምህርቱ ሳይጀመር መጻፍ፣ የማጠቃለያ ፈተናውንም ሌላ ሰው እንዲያርመው ማድረግ።

ደሴ መምህር የማያውቅ ሰው የለም። የቀድሞ የሥራ ባልደረባዬ የሆነች የኬሚስትሪ መምህርት የልጄን ፈተና አርማ፣ ውጤቱን ጽፋ፣ ፈርማ ትመልስልኛለች። ለድካሟ የሚገባትን እከፍላታለሁ። ልጄ ከ40 31 ካመጣች 31 ነው፤ ከተከታታይ ምዘናው 34 እና ከፕሮጀክቱ 16 ጋር ተደምሮ 81። የታረመው ወረቀት እንዳለ ፋይል ይደረጋል፣ ስህተቱም ጭምር። ከዚህ በተጨማሪ ያለፉ ዓመታት የ12ኛ ክፍል ፈተናዎችን በሰዓት አፈትናቸዋለሁ። ውጤቱ ካርድ ላይ አይገባም፤ በመዝገቡ ግን ይያዛል። እኔ የሰጠሁት 81 እውነት መሆኑን የሚነግረኝ እሱ ነው።

በአራት ነጥብ ስሌት ስለማስላት ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነው። የእያንዳንዱን ነጥብ በክሬዲቱ አባዙ፣ ደምሩ፣ ለጠቅላላው ክሬዲት አካፍሉ። ሦስት ሙሉ ትምህርት ኤ፣ ኤ፣ ቢ፣ አንድ ግማሽ ትምህርት ኤ ከሆነ 4 ሲደመር 4 ሲደመር 3 ሲደመር 2፣ 13 ይሆናል፤ ለ3.5 ሲካፈል 3.71። ስሌቱ ይሄ ነው። የእኔ ምክር ግን ካልተጠየቃችሁ አትቀይሩት የሚል ነው። በእኛ አገር አስተራረም 81 ጠንካራ ውጤት ነው፤ በፊደል ሲቀየር ግን ክብደቱ ይቀንሳል። መቶኛውን እንዳለ አስቀምጡና ከሥሩ የምትጠቀሙበትን ሚዛን ግለጹ። ተቀባዩ በራሱ መንገድ ይቀይረዋል።

ትራንስክሪፕቱ

አንድ ገጽ ይብቃው። ከላይ የልጁ ሙሉ ስም፣ የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የወላጅ ስም። መሃል ላይ በየክፍሉ የተማራቸው ትምህርቶች፣ ክሬዲትና ውጤት። ገና ያላለቀው "በሂደት ላይ" ይባላል። በርቀት ወይም በማታ የተማረው ኮከብ ምልክት ይደረግበትና ከሥር የተማረበት ቦታ ይጻፍ። ከታች የውጤት ሚዛኑ፣ ቀንና የወላጅ ፊርማ።

ስለ ማህተም በግልጽ ልናገር። "ማህተም የሌለው ወረቀት ማን ያምናል?" ብለው በሌለ ትምህርት ቤት ስም ማህተም ማስቀረጽ የሚያስቡ ወላጆች አጋጥመውኛል። በፍጹም አታድርጉት። ያ ሐሰተኛ ሰነድ ነው፤ ልጁ ዕድሜ ልኩን ይዞት ይዞራል። "ይህ ተማሪ በወላጁ ቤት የተማረ ነው" ብላችሁ በግልጽ ጻፉና ፈርሙ። ብዙ የአሜሪካ ኮሌጆች ቤት የተማሩ ልጆችን መቀበል ለምደዋል። ኮመን አፕ በተባለው ማመልከቻ ላይ የካውንስለሩን (የትምህርት ቤት አማካሪውን) ቦታ ወላጅ መሙላት ይችላል። የድጋፍ ደብዳቤ ግን ከወላጅ ውጭ ካለ ሰው ነው የሚፈለገው፤ ፈተና የምታርመዋ መምህርትና ክራር አስተማሪው ያኔ ይጠቅማሉ። ኮሌጆቹ ቤት ከተማረ ልጅ የሚጠይቁት ይለያያል፤ አንዳንዱ ኤስኤቲ የሚባለውን የአሜሪካ ኮሌጅ መግቢያ ፈተና ይፈልጋል፣ አንዳንዱ የትምህርት መግለጫውን በሙሉ። 11ኛ ክፍል ላይ የየኮሌጁን መስፈርት አንብባችሁ ፋይሉ ውስጥ አስቀምጡ።

አቀማመጥ

የደሴ ክረምት ወረቀት አይወድም። ጉሙና እርጥበቱ ግድግዳ ይዘልቃል፣ ካርቶን ይሻግታል። ፋይሉን ከግድግዳ አርቁት፣ ከመሬት ከፍ አድርጉት፣ እያንዳንዱን ኦርጅናል በፕላስቲክ ክተቱ። ነሐሴ ላይ ፀሐይ ብቅ ባለች ቁጥር ቦክስ ፋይሉን ከፍታችሁ አናፍሱት።

ሁለተኛው ኮፒ ሌላ ከተማ ይሁን። የእኔ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ነው፤ አየሩም ሞቅ ያለ ነው። ሦስተኛው በስልክ ስካን ተደርጎ ፍላሽ ላይ። ቴሌግራም ላይ ለራሳችሁ መላክም ጥሩ ነው፤ እሱን ብቻ ግን አትመኑ። በ2015 ክረምት የክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ሰነዱ ኢንተርኔት ላይ ብቻ የነበረ ሰው እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል። መማሪያ መጻሕፍቱንም በፒዲኤፍ አውርዳችሁ ያዙ።

ለዘገያችሁ

ልጃችሁ 10ኛ ወይም 11ኛ ደርሶ እስካሁን ምንም ካልተጻፈ፣ አብሽሩ። ደብተሮቹን አትጣሉ፣ ለጎረቤት ልጅም አትስጡ። ደብተር ላይ ቀን አለ፣ ርዕስ አለ፣ የታረመ ጥያቄ አለ። በየትምህርቱ ለዩአቸው፣ ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው ገጽ ቀኑን ቅዱ፣ የተሸፈኑትን ምዕራፎች ዘርዝሩ። ሰዓቱ ካልታወቀ አትፍጠሩ። መጽሐፉን ጨርሶ ከሆነ "የክፍሉን መማሪያ መጽሐፍ አጠናቅቋል" በሉና ከላይ "ከደብተር የተቀዳ" ብላችሁ የቀዳችሁበትን ቀን ጻፉ። ከዚያ የዚያን ክፍል የማጠቃለያ ፈተና አሁን አፈትኑት፣ ሌላ ሰው ያርመው። ለጎደለው ዓመት ያ ውጤት ማስረጃ ይሆናችኋል።

ልጁ ዩኒቨርሲቲ ከገባም በኋላ ኦርጅናሉን አታስወግዱ። ለሥራ፣ ለማስተርስ፣ ለቪዛ የሃይስኩል ማስረጃ አምጡ የሚባሉ ትልልቅ ሰዎች ሪከርድ ክፍል በር ላይ ሲቆሙ ኖረዋል። ቤት የተማረ ልጅ የሚቆመው የእናንተ በር ላይ ስለሆነ ቁልፉ የት እንዳለ ይወቅ።